ማንኪያውና ሥዕለ ሥላሴው፦ ስለ ሩሲያ ሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕዮች ከጎንደር የደረሱን ጥያቄዎች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ዓምድ

ባለፈው እትማችን በዚሁ ዓምድ በሞስኮና በሴንት ፒተርስበርግ ሙዚየሞች ስለሚታዩ የሩሲያ ባህላዊ ዕደ ጥበብና የሥነ ጥበብ ሥራዎች አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጎንደር ከተማና ከአካባቢዋ የደረሱን ደብዳቤዎች ከጠበቅነው በላይ ናቸው፤ በፋሲል ግንብ አጥር ሥርና በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ያደገ ሰው ስለ ሥዕል ሲነሣ ዝም ብሎ እንደማያልፍ ደብዳቤዎቹ ይመሰክራሉ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን ለዋና ዋናዎቹ ከዚህ በታች መልስ ሰጥተናል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣሁ የጎንደር ነዋሪ ነኝ። አሜሪካ ሚኒያፖሊስ የምትኖረው ልጄ ዘንድ ለጥየቃ በሄድኩ ጊዜ በከተማው ወዳለው የሩሲያ ጥበብ ሙዚየም ወስዳኝ ነበር። ትልልቅ የዘይት ቅብ ሥዕሎች እያየሁ ሳለ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ቀለም የተቀቡ የእንጨት ማንኪያዎችና አሻንጉሊቶች ተቀምጠው አገኘሁ። የማዕድ ቤት ዕቃና የልጅ መጫወቻ ከታላላቅ ሥዕሎች ጋር በአንድ ቤት የሚታየው ለምንድን ነው?»

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ የጎበኙት ሙዚየም በ2002 የተመሠረተ ሲሆን ከ2005 ወዲህ የሚገኘው ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው። ማንኪያውና የዘይት ቅቡ በአንድ ጣሪያ ሥር የዋሉት ክፍት ቦታ ለመሙላት አይደለም። እንዲያውም የሩሲያን ጥበብ ከሥሩ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ ያለ አይመስለኝም፤ ሁለቱ በብዙ አጋጣሚ ከአንድ መንደር፣ አንዳንዴም ከአንድ ሰው እጅ የወጡ ናቸውና።

በሩሲያ ሠዓሊና የዕደ ጥበብ ባለሙያ በግልጽ እየተለያዩ የሄዱት በ1757 በሴንት ፒተርስበርግ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ከተቋቋመ በኋላ ነው። አካዳሚው አርአያ ያደረገው የጥንቱን የግሪክና የሮም ጥበብ ስለነበር ገበሬው በመስኮቱ መቃን ላይ የሚቀርጸው ወፍ፣ ሚስቱ በፎጣ ጫፍ ላይ የምትጠልፈው አበባ በትምህርቱ ውስጥ ስፍራ አላገኙም። ይህን ልዩነት በኋላ መልሰው ያጠበቡት ራሳቸው ሠዓሊዎቹ ናቸው። ባለጸጋው ነጋዴ ሳቫ ማሞንቶቭ በ1870 ከሞስኮ በስተሰሜን የሚገኘውን የአብራምፄቮ ርስት ገዝቶ ሠዓሊዎችን ማስተናገድ ጀመረ። ሠዓሊዋ የሌና ፖሌኖቫ ከማሞንቶቭ ባለቤት ከየሊዛቬታ ጋር በየገጠሩ እየዞረች የተቀረጹ ሣጥኖችን፣ የጨው ማስቀመጫዎችንና የመፍተያ እንጨቶችን ሰበሰበች፤ እነዚህም በርስቱ ላይ ለተከፈተው የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ምሳሌ ሆነው አገለገሉ። ብዙ ሰው የጥንት የጠዋት ቅርስ አድርጎ የሚገምታት ማትሪዮሽካ፣ አንዷ በሌላዋ ሆድ ውስጥ የምትገባው አሻንጉሊት፣ የተወለደችው በዚሁ እንቅስቃሴ ውስጥ በ1890ዎቹ ነው። እንጨቷን የቀረጸው ቫሲሊ ዝቪዮዝዶችኪን የተባለ የእጅ ባለሙያ ሲሆን የቀባት ግን በሞስኮ የሥዕል ትምህርት ቤት የተማረው ሠዓሊ ሰርጌይ ማልዩቲን ነው። በ1900 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ዐውደ ርዕይ ቀርባ የነሐስ ሜዳሊያ አገኘች፤ ስምንት አሻንጉሊቶች ያሉት የመጀመሪያው ስብስብም ዛሬ በሰርጊየቭ ፖሳድ የመጫወቻ ሙዚየም ይታያል።

ያዩዋቸው ማንኪያዎች ወርቃማ መልክ ካላቸው የኾኽሎማ ሥራዎች ናቸው፤ በኒዥኒ ኖቭጎሮድ አካባቢ ይሠራሉ። ወርቅ ግን የለባቸውም። እንጨቱ ከተቀረጸ በኋላ በቀጭን የሸክላ ጭቃ ይለሰናል፣ የተልባ ዘይት ይጠጣል፣ ከዚያም ብርማ የቆርቆሮ ዱቄት፣ በኋለኛው ዘመን ደግሞ የአሉሚኒየም ዱቄት ይታሽበታል። በላዩ በቀይና በጥቁር ተሥሎበት ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ ቫርኒሹን ቢጫ ስለሚያደርገው ከሥር ያለው ብርማ ዱቄት በቢጫው ውስጥ አልፎ ሲታይ ወርቅ ይመስላል፤ ገጹም ትኩስ ሾርባ እስኪችል ድረስ ይጠነክራል። እንግዲህ ይህን ዘዴ የቀመረ ገበሬ ስለ ቀለምና ስለ ብርሃን ያለው ዕውቀት አካዳሚ ከገባ ሠዓሊ ዕውቀት የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሁሉ ይልቅ የሚነካኝ ግን የፓሌኽ መንደር ታሪክ ነው። ፓሌኾች ለትውልዶች ቅዱሳት ሥዕላትን በመሣል የኖሩ ናቸው። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ሥዕል የሚያሠራቸው ጠፋ። በ1924 ኢቫን ጎሊኮቭና ጓደኞቹ ማኅበር አቋቁመው በዚያው በእንቁላል አስኳል በሚበጠበጥ ቀለም፣ በዚያው ቀጭን ብሩሽ፣ ከተጣበቀ ወረቀት በተሠሩ ጥቁር ሣጥኖች ላይ ተረትንና የመንደር ሕይወትን መሣል ጀመሩ። የወርቁን መስመር የሚያብለጨልጩት በተኩላ ጥርስ እያሹ ነው። የፓሌኽ ሣጥን ባጋጠመዎት ጊዜ ቀረብ ብለው ኮረብታዎቹንና ፈረሶቹን ይመልከቱ፤ ርዕሱ ተረት ይሁን እንጂ አሣሣሉ የቤተ ክርስቲያን ነው።

በእንዲህ ዓይነቱ ዐውደ ርዕይ «ይህ ያምራል ወይስ አያምርም?» ከማለት በፊት «ይህ ነገር ቀድሞ የት ነበር? የማንስ እጅ ይዞት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብዙ በር ይከፍታል። የመፍተያውን እንጨት ብንወስድ፣ በእኛ ዘንድ ፈታይ ባዘቶዋን በእጇ ይዛ እንዝርቷን ታሾራለች፤ በሰሜን ሩሲያ ግን የተልባውን ቃጫ የምታስርበት ሰፊ ሰሌዳ ያለው እንጨት ነበራት። ይህን እንጨት አባት ለልጁ፣ ወይም ሙሽራ ለእጮኛው ቀርጾና ቀብቶ ይሰጥ ነበር። በሜዜን ወንዝ አካባቢ የሚሠሩት በቀይና በጥቁር የተሣሉ የፈረስና የአጋዘን ረድፎች አሏቸው። ይህን ያወቀ ጎብኚ ሰሌዳውን እንደ ጌጥ ብቻ አያየውም፤ የጋብቻ ስጦታ መሆኑን ያስባል። በቪያትካ አጠገብ በዲምኮቮ ሴቶች የሚሠሯቸው የሸክላ አሻንጉሊቶችም ከወለቃ የሸክላ ምስሎች ጎን ቢቆሙ ጎረቤት የሚመስሉ ናቸው፤ ልዩነቱ ዲምኮቮዎች ሸክላውን ከተኮሱ በኋላ በወተት የተበጠበጠ የኖራ ጠመኔ ቀብተው በደማቅ ቀለም ማስጌጣቸው ነው።

ጥያቄ፦ «ጎንደር ከሚገኙት አድባራት በአንዱ የማገለግል መሪጌታ ነኝ። ቅዱስ ሥዕል ሊጸለይበት እንጂ ሊጎበኝ አልተሣለም። የሩሲያ ሥዕላት ከቤተ መቅደስ ወጥተው በሙዚየም ግድግዳ መሰቀላቸው ክብራቸውን መቀነስ አይደለምን? የሀገሪቱ ቤተ ክርስቲያንስ ምን ትላለች?»

መልስ፦ የተከበሩ መሪጌታ፣ ያነሡት ጥያቄ በራሷ በሩሲያ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ሲያከራክር የቆየ ነው። ምሳሌ የሚሆነንም የታወቀው ሥዕለ ሥላሴ ነው። መነኩሴው አንድሬይ ሩብልዮቭ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለቅዱስ ሰርግዮስ የሥላሴ ገዳም የሣሉት ይህ ሥዕል በተጋጠሙ የእንጨት ሰሌዳዎች ላይ በእንቁላል አስኳል ቀለም የተሠራ፣ 142 በ114 ሳንቲ ሜትር የሚለካ ነው። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር የተቀበላቸውን ሦስት እንግዶች በመላእክት አምሳል በማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው ያሳያል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሠዓሊ ሦስቱን አካላት በአንድ መልክ፣ በሦስት አረጋውያን አምሳል እንደሣለ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ሩብልዮቭም ሦስቱን መላእክት እጅግ ተቀራራቢ መልክ ሰጥተዋቸዋል። መንገዱ ይለያይ እንጂ ሁለቱ ሠዓሊያን የደከሙት ለአንድ ምሥጢር ነው።

ይህ ሥዕል ለረጅም ዘመን በገዳሙ ሲኖር ምእመናን ሊያዩት የሚችሉት ከፊሉን ብቻ ነበር። ሥዕላቱ የሚቀቡት የተልባ ዘይት ቫርኒሽ ከጊዜ ብዛት ይጠቁራል፤ የጧፉ ጥላሸትና የዕጣኑ ጢስ ይጨመርበታል። ሥዕሉ ሲጠቁር ደግሞ ሌላ ሠዓሊ በላዩ ደግሞ ይሥልበታል። በዚያ ላይ ፊቶቹንና እጆቹን ብቻ ክፍት የሚተው የወርቅ ልባስ ተደርጎበት ነበር። በ1904 የጥገና ባለሙያው ቫሲሊ ጉሪያኖቭ ልባሱን አንሥቶ የላዩን ቀለም ሲገልጥ ከሥሩ የወጣው ሰማያዊና ወርቃማ ብርሃን ሩሲያውያንን ራሳቸውን አስደነቀ። ሙሉ ጽዳቱ የተከናወነው በ1918 እና በ1919 ነው። በ1913 በሞስኮ የተዘጋጀው የጥንታዊ የሩሲያ ጥበብ ዐውደ ርዕይም የጸዱ ሥዕላትን ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት ለሕዝብ ያሳየ ነበር። ስለዚህ ሙዚየሙ ከሥዕሉ የወሰደው ነገር ቢኖርም የመለሰለት ነገርም አለ።

ይህን ስል የመጣበትን መንገድ አልሸፍንም። ሥዕሉ በ1929 ወደ ሞስኮው ትሬቲያኮቭ ጋለሪ የገባው ገዳሙ ተዘግቶ ስለነበር እንጂ መነኮሳቱ ፈቅደው አልነበረም። በዚያ ዘመን እልፍ ሥዕላት ተቃጥለዋል፣ ሌሎች ለውጭ ምንዛሪ ተሸጠዋል። ያው መንግሥት ከ1929 እስከ 1932 የጥንት ሥዕላትን በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ እያዞረ አሳይቷል። ዐውደ ርዕዩ ዓለም የሩሲያን ሥዕል እንዲያውቅ አደረገ፤ በሀገር ቤት ግን አብያተ ክርስቲያናት ይዘጉ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ብቻ የሚናገር መግለጫ ጎብኚውን ያሳስታል።

የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ እንዲመለስላት ስትጠይቅ ቆይታለች። በ2022 ለበዓል ወደ ገዳሙ ተወስዶ ተመለሰ፤ በ2023 ደግሞ ለቤተ ክርስቲያኒቱ እንዲሰጥ ተወስኖ በሞስኮ በሚገኘው የክርስቶስ መድኃኒት ካቴድራል ለምእመናን ቀረበ። የጥገና ባለሙያዎች አጥብቀው ተቃውመው ነበር። ምክንያታቸውም ሃይማኖትን መጥላት አልነበረም። የተጋጠመ አሮጌ እንጨት የአየሩ እርጥበት በተለወጠ ቁጥር ይነፋል፣ ይኮማተራል፤ በላዩ ያለው የኖራ ልስንና ቀለም ግን እንደ እንጨቱ አይለጠጥም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል፣ ይነሣል። የሺህ ሰው ትንፋሽና የሻማ ሙቀት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰሌዳ አደጋ ነው።

እኔ ከሁለቱም ወገን የሚሻለው መንገድ በቭላዲሚር እመቤታችን ሥዕል የታየው ነው እላለሁ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከቁስጥንጥንያ የመጣው ይህ ሥዕል በ1999 ከትሬቲያኮቭ ጋለሪ ጋር በተያያዘው በቶልማቺ የቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እርጥበቱና ሙቀቱ በሚጠበቅ መስታወት ተቀመጠ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ይቀደሳል፣ ሕዝቡ ቀርቦ ይጸልያል፤ ባለሙያውም ሥዕሉን ይከታተላል።

ስለ ጥገና ካነሣን አይቀር፣ የሩብልዮቭ የሆኑ ሌሎች ሦስት ሥዕላት በ1918 በዝቬኒጎሮድ ከተማ ተገኝተዋል። ከመካከላቸው የጌታችን ሥዕል ፊቱ ተርፎ አብዛኛው አካሉ ረግፏል። ጠጋኞቹ የረገፈውን ደግመው አልሣሉትም፤ እንጨቱ እንደ ተራቆተ ይታያል። ሥዕሉ የጎደለው ነገር እንዳለ ሆኖ ዛሬም በፊቱ የሚቆመውን ሰው ዝም ያሰኛል። አሮጌ ሥዕል በደመቀ በአዲስ ቀለም ካልታደሰ ክብር የሌለው የሚመስላቸው አሠሪዎች በየደብሩ ስላሉ ይህን ምሳሌ አደራ ብዬ አነሣዋለሁ፤ አንዴ በላዩ የተቀባ ሥዕል የድሮውን ለማግኘት የሩሲያውያኑን ያህል ዕድሜና ድካም ይጠይቃል።

ከጎንደር የወጣውንም አንርሳ። በ1932 ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በጨርቅ ላይ የተሣሉትን ጥንታዊ ሥዕሎች አንሥቶ ወስዷል፤ በምትካቸው ጋስቶን ልዊ ሩ የተባለ ሠዓሊ የሠራቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ሥዕሉ ከሀገሩ ሳይወጣ በሞስኮ የተደረገውና ከአባ እንጦንስ የተደረገው አንድ አይደሉም፤ በሁለቱም ዘንድ ግን ሥዕሉ የተነሣበት ደብር ስም፣ የተነሣበት ዓመትና አኳኋን በመግለጫው ላይ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።

ጥያቄ፦ «የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በኢንተርኔት ያየሁት የካዚሚር ማሌቪች ‹ጥቁር ካሬ› በምን ሚዛን ሥዕል ይባላል? ደግሞስ በድሮው ፎቶግራፍ ላይ ጣሪያው ጥግ የተሰቀለው ለምንድን ነው?»

መልስ፦ የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ ለመጀመሪያው ቁልፍ ነው። ሥዕሉ በታኅሣሥ 1915 በፔትሮግራድ (ሴንት ፒተርስበርግ በዚያን ጊዜ የተጠራችበት ስም ነው) በተከፈተ ዐውደ ርዕይ ሲቀርብ ማሌቪች ሁለት ግድግዳዎች በሚገናኙበት ከፍተኛ ማዕዘን ሰቀለው። በሩሲያ ቤቶች ይህ ማዕዘን የቅዱሳት ሥዕላት ስፍራ ነው፤ ወደ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ ወደዚያ ዞሮ ያማትባል። ስለዚህ ጎብኚው ያየው 79.5 በ79.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥቁር ቀለም ብቻ አልነበረም፤ ሥዕለ አድኅኖ ሊሆንበት የሚገባው ቦታ በሌላ ነገር ተይዞ ነው ያገኘው። አንዳንዶች ይህን እንደ ድፍረት፣ ሌሎች እንደ አዲስ ጸሎት ቆጥረውታል። በመጽሐፍ ገጽ ላይ ያለ ማዕዘኑ ታትሞ ሲታይ ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ ለዚህ ነው የዐውደ ርዕዩን አሰቃቀል ማወቅ ሥዕሉን የማወቅ ግማሹ የሚሆነው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ከዚያ ዐውደ ርዕይ አስቀድሞ በኅዳር 1915 በሞስኮ በሌሜርሲዬ ጋለሪ የማሌቪች ንድፎች በጥልፍ ተሠርተው ቀርበው ነበር፤ ጥልፉን የሠሩት በኪየቭ አውራጃ የቬርቦቭካ መንደር ሴቶች ናቸው። ሰዎች የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ዳርቻ አድርገው የሚቆጥሩት አሣሣል ወደ አደባባይ ከወጣባቸው የመጀመሪያ መንገዶች አንዱ የገበሬ ሴት መርፌ ነበር። በ1913ም ሠዓሊው ሚኻይል ላሪዮኖቭ በሞስኮ የቅዱሳት ሥዕላት ንድፎችንና «ሉቦክ» የሚባሉትን በእንጨት ማኅተም የሚታተሙ የገበያ ሥዕሎች ሰብስቦ ዐውደ ርዕይ አዘጋጅቷል። እነዚህ ወጣቶች ከአካዳሚው ያመፁት ወደ አያቶቻቸው ቤት በመመለስ ነው። ስለዚህ «ሥዕል ነው ወይ?» ለሚለው መልሴ አዎ ነው፤ ትሬቲያኮቭ ጋለሪ በ2015 ይፋ ባደረገው ምርመራም ከጥቁሩ ሥር ሁለት ቀደም ያሉ ባለ ቀለም ሥዕሎች መኖራቸው ታውቋል፤ ሠዓሊው እየሞከረና እየሸፈነ ነው እዚያ የደረሰው።

ጥያቄ፦ «በፋሲል ግቢ ጎብኚዎችን አስጎበኛለሁ። አንድ እንግዳ ኢሊያ ሬፒን ሩሲያዊ ሳይሆን ዩክሬናዊ ነው ሲል ተከራከረኝ። የቱ ነው ትክክል?»

መልስ፦ ሠዓሊው ሬፒን የተወለደው በዛሬዋ ዩክሬን ውስጥ በምትገኘው በቹሁይቭ ሲሆን የተማረውና አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በሴንት ፒተርስበርግ ነው። ብቻውን አይደለም። ማሌቪች በኪየቭ ከፖላንዳውያን ወላጆች ተወለደ፤ አርኺፕ ኩዊንጂ የማሪዩፖል ሰው ነው፤ የባሕር ሠዓሊው ኢቫን አይቫዞቭስኪ በክሪሚያ ፌዮዶሲያ የተወለደ አርመናዊ ነው፤ የሩሲያን ሜዳና ወንዝ ከሁሉ አብልጦ የሣለው ኢሳቅ ሌቪታን ደግሞ ዛሬ ሊቱዌኒያ በሆነች ምድር የተወለደ አይሁዳዊ ነው። ከ2022ቱ ጦርነት በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ሙዚየሞች መግለጫዎቻቸውን ማረም ጀምረዋል፤ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየምም ሬፒንን ዩክሬናዊ ብሎ መዝግቦታል። እኔ የምመርጠው የትውልድ ስፍራውን፣ የተማረበትንና የሠራበትን ከተማ ሦስቱንም መጻፍ ነው። አንድ የሀገር ስም ብቻ ጽፎ ማለፍ የሠዓሊውን ሕይወት ያጎድላል።

ጥያቄ፦ «የኢትዮጵያ ሥዕሎች በሩሲያ ሙዚየም አሉ የሚባለው እውነት ነው?»

መልስ፦ እውነት ነው። ባለቅኔው ኒኮላይ ጉሚልዮቭ ሀገራችንን ደጋግሞ የጎበኘ ሲሆን በ1913 የመጣው በታላቁ ጴጥሮስ በ1714 ለተመሠረተው ለሴንት ፒተርስበርጉ ኩንስትካሜራ ሙዚየም ቅርስ ለመሰብሰብ ነበር። በሐረርና በአካባቢዋ የሰበሰባቸው ዕቃዎች ዛሬም እዚያው ይገኛሉ። ከዚያ በኋላ ደግሞ መንገዱ በተቃራኒው ሆነ፤ በሶቪየት ዘመን በርካታ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች ያኔ ሌኒንግራድ ወደምትባለው ሴንት ፒተርስበርግና ወደ ሞስኮ ሄደው ተምረዋል። ታደሰ መስፍን የተማረው በሬፒን ስም በተሰየመው የሌኒንግራድ ተቋም ሲሆን ተመልሶ በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ብዙ ትውልድ አስተምሯል።

ጥያቄ፦ «በአዘዞ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። እነዚህን ሥራዎች ተማሪዎቼ በዐይናቸው ቢያዩ እወዳለሁ። ዋናዎቹ ወደ ጎንደር ሊመጡ ይችላሉ? ካልሆነስ በኅትመት ቅጂ ዐውደ ርዕይ ማዘጋጀት ይፈቀዳል? እንዴት ብጀምር ይሻላል?»

መልስ፦ ውድ መምህር፣ የዋናዎቹ መምጣት በቅርቡ የሚሆን አይመስለኝም። አበዳሪ ሙዚየም አስቀድሞ የሚጠይቀው የአየር እርጥበቱ ዓመቱን ሙሉ 50 በመቶ ገደማ ሆኖ የሚጠበቅበት አዳራሽ ነው፤ በጎንደር ክረምትና በጋ መካከል ያለውን ልዩነት ያለ መሣሪያ መቆጣጠር አይቻልም። ለዘይት ቅብና ለእንቁላል ቀለም ከ150 እስከ 200 ሉክስ፣ ለወረቀትና ለጨርቅ ደግሞ ከ50 ሉክስ ያልበለጠ ብርሃን ይፈለጋል። ኢንሹራንሱና የመንግሥት ዋስትናው በዚህ ላይ ይጨመራል። የቅጂው ነገር ግን ቀላል ነው። በሀገራችን የቅጂ መብት ሕግ ጥበቃው ሠዓሊው በሞተ በ50 ዓመት ያበቃል፤ ሬፒን በ1930፣ ኢቫን ሺሽኪን በ1898 ስለሞቱ ሥራዎቻቸውን ማተም ማንንም አያስጠይቅም።

ይህን መንገድ ከእርስዎ በፊት የሄዱበት አሉ። በ1863 በሴንት ፒተርስበርግ አካዳሚ 14 ተማሪዎች የመመረቂያ ርዕሳቸውን ራሳቸው ለመምረጥ ጠይቀው ሲከለከሉ ጥለው ወጡ። መሪያቸው ኢቫን ክራምስኮይ ነበር። በ1870 ከሌሎች ሠዓሊዎች ጋር የተጓዥ ዐውደ ርዕዮች ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1871 የመጀመሪያውን ከፍቶ እስከ 1923 ድረስ 48 ዐውደ ርዕዮችን አሳይቷል። ዋና ከተማዎቹን ብቻ አልያዘም፤ በባቡር እያጓጓዘ ወደ ኪየቭ፣ ወደ ኻርኪቭ፣ ወደ ኦዴሳ ወሰዳቸው። ሥዕል አይቶ የማያውቅ የክፍለ ሀገር ሰው በትንሽ የመግቢያ ክፍያ የሬፒንንና የሺሽኪንን ሥራ ማየት የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ነጋዴው ፓቬል ትሬቲያኮቭም ከእነዚህ ዐውደ ርዕዮች ብዙ ገዝቶ በ1892 ስብስቡን በሙሉ ለሞስኮ ከተማ ሰጠ።

እንግዲህ ሥራውን በጥቂት ሥዕሎች ይጀምሩ። በእኔ ምርጫ የመጀመሪያው የሬፒን «የቮልጋ ጀልባ ጎታቾች» ነው፤ ከ1870 እስከ 1873 የተሣለ ሲሆን በሴንት ፒተርስበርጉ የሩሲያ ሙዚየም ይገኛል። 131.5 በ281 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በጎንደር ባነር የሚያትሙ ቤቶች በሙሉ ልኩ ሊያወጡት ይችላሉ፤ ልኩን አያሳንሱት። አሥራ አንዱ ሰዎች ከተማሪው ጋር ፊት ለፊት ሲቆሙ ነው ሥዕሉ የሚናገረው። ከፊት የሚጎትተው ካኒን የሚባል ከክህነት የተሻረ ሰው ነበር፤ ሬፒን በቮልጋ ዳር አግኝቶ በቅርብ አጥንቶታል። ተማሪዎች የእያንዳንዱን ጎታች ዕድሜና ድካም ከፊቱ አንብበው እንዲጽፉ ያድርጉ። ሁለተኛው የሺሽኪን «ጠዋት በጥድ ጫካ» ይሁን፤ በ1889 የተሣለ ሲሆን ድቦቹን የሠራው ጓደኛው ኮንስታንቲን ሳቪትስኪ ነው። ሳቪትስኪ ፈርሞበት ነበር፤ ገዢው ትሬቲያኮቭ ግን ፊርማውን አስጠፋው። የማን ሥራ ነው ብለው ክፍሉን ያከራክሩበት። ሦስተኛው የሩብልዮቭ ሥዕለ ሥላሴ በልኩ ታትሞ፣ ከአጠገቡ ደግሞ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ፎቶግራፍ ይሰቀል።

ዕደ ጥበቡን በፎቶግራፍ ብቻ አይተዉት። የሩሲያን ማንኪያና የመፍተያ እንጨት በሥዕል እያሳዩ በጎኑ ከተማሪዎቹ ቤት የሚመጣ እንዝርት፣ ሙዳይ፣ አገልግል፣ የወለቃ የሸክላ ሥራ በጠረጴዛ ላይ ይደርድሩ፤ የእናቶችና የአያቶች ዕቃ ስለሚሆን ማን እንዳመጣው ተመዝግቦ በጥንቃቄ ይመለስ።

ከአሰቃቀሉ ጥቂት ልጨምር። የሚያብለጨልጭ ሳይሆን የደበዘዘ ገጽ ያለው ማተሚያ ይምረጡ፤ ከመስኮት ትይዩ አይስቀሉ፤ የእያንዳንዱ ሥዕል መካከል ከወለሉ 150 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ትሬቲያኮቭ ጋለሪና የሩሲያ ሙዚየም የስብስባቸውን ምስሎች በድረ ገጻቸው ስለሚያሳዩ ቀለሙን ከዚያ ያመሳክሩ፤ ለማተም የሚጠቀሙበት ፋይል ግን ለትልቁ ባነር በወርዱ በኩል ወደ 11,000 ነጥብ (ፒክሰል) ቢኖረው ከሁለት ሜትር ርቀት ጥርት ብሎ ይታያል። መግለጫውን ከመጽሐፍ አይገልብጡ። በእያንዳንዱ ሥር ማን እንደሠራው፣ ከምን እንደተሠራ፣ ቀድሞ የት እንደነበረና ዛሬ የት እንዳለ ተማሪዎቹ ራሳቸው በአራት መስመር ይጻፉ፤ ከቤት ለመጣው እንዝርትና ለሩብልዮቭ ሥዕልም እነዚያው አራት መስመሮች ያገልግሉ።